የውሻ ቆዳ ሲነካ ለምን ይርገበገባል? ጎንደር ላይ የት ልውሰደው፣ ምን ልግዛለት ለምትሉ ጥቆማ

አዘዞ የሚኖሩ አንድ ወንድማችን የግቢ ውሻቸውን ጀርባ በነኩት ቁጥር ቆዳው እንደሚርገበገብ፣ ከእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሁለት ዓይነት መርጫ ገዝተው ቢረጩትም እንዳልተሻለው ነግረውኝ፣ የት ቢወስዱት እንደሚሻል ጠይቀውኛል። ከማራኪ አካባቢም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለደረሰኝ፣ መቻል ከተባለው ከራሴ ውሻ ጋር ያየሁትንና ከሐኪሞች የተማርሁትን አንድ ላይ አድርጌ ልጽፈው ወደድሁ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፤ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለምርመራ፣ ቀጥሎ ለመድኃኒት አውጡ። ቁንጫን የሚገድለው እከክን ላይገድል ይችላል፣ የእከኩም መርፌ ለቁንጫ አይበጅም፤ የወገብ ሕመምን ደግሞ ሁለቱም አያድኑትም።

መርገብገቡ በራሱ በሽታ አይደለም። በውሻ ጀርባና ጎን ላይ፣ ከቆዳው ሥር እንደ ስስ ነጠላ የተዘረጋ ጡንቻ አለ። ላም ዝንብ ሲያርፍባት ጅራቷ የማይደርስበትን ትከሻዋን የምታርገበግበው፣ የጋሪ ፈረስም ቆሞ ሳለ ጎኑን ነዘር የሚያደርገው በዚሁ ዓይነት ጡንቻ ነው። ቆዳው ሲነካ ስሜቱ በነርቭ በኩል ወደ አከርካሪ ይገባል፤ በአከርካሪው ውስጥ ወደ ፊት ተጉዞ፣ አንገትና ደረት በሚገናኙበት አካባቢ በሚወጣ ሌላ ነርቭ ወደ ጡንቻው ይደርሳል፤ ቆዳውም ውሻው ሳያስበው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጤነኛ ውሻ እንኳ በጣት ጫፍ ሲኮረኩሩት ሊርገበገብ ይችላል። የሚያሳስበው መርገብገቡ ቀድሞ ያልነበረ ሲሆን፣ በአንድ ቦታ ላይ ሲበረታ፣ ወይም ደግሞ ማከክ፣ የፀጉር መርገፍ፣ መነጫነጭና ዞሮ ለመንከስ መሞከር ሲከተለው ነው።

ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ የምታደርጉት ፍተሻ ምንም ወጪ የለውም፤ ለሐኪሙም ብዙ ሥራ ያቀልለታል። ውሻው በተረጋጋበት ሰዓት እጃችሁን ከትከሻው አንሥታችሁ እስከ ጅራቱ ሥር በዝግታ አሳልፉ። በወገቡና በጅራቱ ሥር ከበረታ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ቁንጫ ነው። የቁንጫ ምራቅ አንዳንዱን ውሻ አለርጂ ስለሚቀሰቅስበት ጥቂት ንክሻ ብቻ ጀርባውን ሁሉ ሊያስቆጣው ይችላል፤ በዚህ የተነሣ ቁንጫዋን በዓይን አለማየት ቁንጫ የለም ለማለት አያስችልም። የጆሮው ጫፍ፣ ክርኑና ሆዱ ፀጉሩ እየረገፈ ቅርፊት ካወጣ ደግሞ እከክ ይጠረጠራል። የጆሮውን ጫፍ በጣት ስታሹት የኋላ እግሩን አንሥቶ በአየር ላይ የሚያክክ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የውሻ እከክ ለጊዜውም ቢሆን ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ በቤት ውስጥ የክንድ ወይም የሆድ ማሳከክ የጀመረው ሰው ካለ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።

እኔ በመቻል ላይ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። በነጭ ሶፍት ላይ አቁሜ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ የቅማል ማበጠሪያ ጀርባውን ሳበጥረው፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ደቃቅ ነገር ረገፈ። አፈር መስሎኝ ልጥለው ስል የሐኪሙ ምክር ትዝ አለኝና ጥቂት ውኃ ጠብ አደረግሁበት። ብዙም ሳይቆይ በእያንዳንዷ ነጥብ ዙሪያ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለበት ወጣ። አፈር እንዲህ አይቀላም፤ ያ ቁንጫ ከውሻው የጠጣችው ደም በኩሷ የወጣ ነበር። ለሦስት ወር ያህል መፍትሔ ያጣሁለት ነገር በአንድ ቁራጭ ሶፍት ላይ ታየ።

አሁን ወደ ሕክምናው ቦታ ልምጣ። በከተማችን የቆዳ ችግርን ለመለየት የምመርጠው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚያስተምርበትን ክሊኒክ ነው፤ ኮሌጁ የሚገኘው ቴዎድሮስ ግቢ ነው። ምክንያቴ ማይክሮስኮፕ ነው። ሐኪሙ በምላጭ ጠርዝ ላይ ጥቂት ዘይት አድርጎ ቆዳውን ቀላ እስኪል በስሱ ይፍቃል፤ የተፋቀውን በመስታወት ላይ ዘርግቶ የእከክ ተባይ መኖሩን ያያል። የእከክ ተባይ በአንድ ፍቀት ላይታይ ስለሚችል፣ ምልክቱ ጠንካራ ከሆነ ውጤቱ ባዶ ቢሆንም እንኳ ሕክምናው ሊጀመር ይችላል፤ ይህን ስትሰሙ ሐኪሙ ያልታየን በሽታ ያክማል ብላችሁ አትጠራጠሩ። ማስተማሪያ ቦታ እንደመሆኑ ተማሪዎች በመምህራቸው ፊት ሲመረምሩ ጊዜ ይወስዳል፤ የቸኮለ ሰው ሊሰለች ይችላል። እኔ ግን ውሻዬ ከራስ እስከ ጅራት የተዳሰሰው እዚያ በወሰድሁት ዕለት ብቻ ስለሆነ ጊዜው አይቆጨኝም።

የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች ዋና ሥራቸው ከብት፣ በግ፣ ፍየልና የጋማ ከብት ነው። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጠየቅ ያለባችሁ በቅድሚያ እዚያ ነው፤ ለቆዳ ጥያቄ ግን የምርመራ መሣሪያ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያክሙ ባለሙያዎች ደግሞ ውሻው ባጃጅ ላይ አልወጣ ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ከመካከላቸውም ጥንቁቆች አሉ። የእኔ ቅሬታ ከእነሱ በአንዱ ላይ ነው። መቻልን ከበር ላይ ሆኖ አይቶ «እከክ ነው» አለኝና አይቨርሜክቲን ወጋው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ደገመው። አይቨርሜክቲን ለእከክ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ቁንጫን ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም። የመቻል ችግር ቁንጫ ስለነበረ ሁለቱም መርፌ ያለ ጥቅም ቀረ። ስለዚህ የሚመጣላችሁ ባለሙያ ፀጉሩን ገልጦ ሳያይ፣ ማበጠሪያ ሳያነሣ መርፌ የሚያወጣ ከሆነ በአክብሮት አስቁሙት።

የመድኃኒት መሸጫዎችን በተመለከተ፣ ስሙ በሐኪም የተጻፈ መድኃኒት ለመግዛት ጥሩ ናቸው፤ በሽታውን እንዲነግሯችሁ ግን አትጠይቋቸው። ከሚሸጡት ውስጥ ሁለቱ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ያው አይቨርሜክቲን ነው። ለከብት የተዘጋጀው 1 ፐርሰንት ፈሳሽ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይዟል፤ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት የተመጠነ ነው። የእኛ የግቢ ውሻ የዚህን ግማሽ እንኳ ላይመዝን ስለሚችል፣ በግምት የተሳበ መርፌ ብዙ እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። በተጨማሪም ኮሊ የተባለው ዝርያና ከእረኛ ውሾች ወገን የሆኑ አንዳንድ ዝርያዎች፣ ጀርመን ሼፐርድም ጭምር፣ መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው እንዳይገባ የሚከላከለው ነገር በተፈጥሮ የጎደላቸው አሉባቸው። ብዙዎቻችን ለጥበቃ የምናሳድጋቸው ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀሉ ስለሆኑ ይህን ለሐኪሙ ሳትነግሩ መርፌ አታስወጉ።

ሁለተኛው ዳያዚኖን ነው። ገበሬዎች ለመዥገርና ለቅማል ከብትና በግ ላይ የሚረጩት ይህ መድኃኒት የነርቭን ሥራ በማዛባት ተባዩን ይገድላል፤ መጠኑ ሲበዛ ውሻውንም በዚያው መንገድ ያጠቃል። አንዲት እንደ እናት የማያቸው ጎረቤቴ ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ በሌላ ጠርሙስ የተገለበጠ፣ ጽሑፍ የሌለበት ፈሳሽ ገዝተው «በባልዲ ውኃ በጥብጪው» የተባሉትን አደረጉ። ማታ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ድረሽልኝ፤ ሲነኩት ብቻ ይርገበገብ የነበረው አሁን ሳልነካውም መላ አካሉ እየተንዘፈዘፈ ነው» አሉኝ። ስደርስ ለሃጩ እንደ ክር ይወርዳል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቧል፣ የኋላ እግሮቹ አልቆሙለትም። ጓንት አድርገን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥበን ወደ ሐኪም አደረስነው፤ የተሰጠው መርፌ አትሮፒን ነበር፤ ዳነላቸው። እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው ሌሊቱ እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም። ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ በምንም ዋጋ ቢሆን አትግዙ፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ይበልጥ።

ከሰው ፋርማሲ የሚገኘው ቤንዚል ቤንዞዌት የተባለ የእከክ ቅባትም ለውሻ ሲታዘዝ አይቻለሁ፤ ውሻው እየላሰ ስለሚውጠው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልመክረውም፤ ድመት ካለች ደግሞ ለእርሷ መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አታቅርቡት። የተቃጠለ የመኪና ዘይትና ላምባ መቀባት በየሰፈሩ እንደ መፍትሔ ይነገራል። እባካችሁ ተዉት፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ውሻውም ልሶ ይመረዛል። በልብስ ሳሙና ቶሎ ቶሎ ማጠብም ቆዳውን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ቆዳ ደግሞ በራሱ ሲነካ ይርገበገባል።

ለቁንጫ ከአዲስ አበባ የሚመጡት በትከሻ መካከል የሚንጠባጠቡ የፊፕሮኒል ጠብታዎች ከመርጫዎቹ ይልቅ መጠናቸው በውሻው ክብደት የተለየ በመሆኑ እመርጣቸዋለሁ፤ ዋጋቸው ግን ይከብዳል። ጠብታው ከመደረጉ በፊትና በኋላ ለሁለት ቀን ውሻውን አለማጠብ ያስፈልጋል። ጥንቸል ላይ እንዳይደረግ ተጠንቀቁ። ሆኖም ለመቻል ከጠብታው የበለጠ የረዳው መኝታው ነው ብል አላጋነንሁም። በውሻው ላይ የምናየው የጎለመሰችውን ቁንጫ ብቻ ነው፤ እንቁላሏ ከፀጉሩ እየተንሸራተተ በሚተኛበት ጆንያ፣ በግድግዳው ስንጥቅና በአፈሩ ውስጥ ይፈለፈላል፤ በድርዋ ተጠቅልላ የተቀመጠችው ደግሞ ለወራት ልትቆይ ትችላለች። ጆንያውን አቃጠልሁት። በምትኩ ያነጠፍሁለትን አሮጌ ጋቢ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ እያጠብሁ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ በጎቹ የሚያድሩበትንም ጥግ አብሬ እጠርጋለሁ። መርገብገቡ የቀነሰው በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ፀጉሩ ለመመለስ ከዚያ በላይ ቆየ።

ቆዳው ንጹሕ ሆኖ፣ ቁንጫም እከክም ሳይገኝ መርገብገቡ ከቀጠለ ነገሩ ከቆዳ በታች ሊሆን ይችላል። ውሻው ጀርባውን ሲነኩት ጎበጥ ካለ፣ ደረጃ መውጣት ከጠላ፣ ወይም የኋላ እግሩን ከጎተተ የአከርካሪ ሕመም ይጠረጠራል። ሐኪሙ ከወገብ ወደ ትከሻ ቆዳውን ቆንጠጥ እያደረገ ይሄዳል፤ መርገብገቡ የሚጠፋበትና የሚጀምርበት ወሰን የነርቩ ጉዳት የት አካባቢ እንዳለ ይጠቁመዋል። እንዲህ ላለው ውሻ ቤት ያለውን ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ ሁለቱም ሊጎዱት ይችላሉ። ማንም ሳይነካው፣ ተኝቶም ሳለ በተወሰነ ምት የአንድ እግሩ ወይም የመንጋጋው ጡንቻ የሚመታ ከሆነ፣ በተለይ ቀደም ብሎ ትኩሳትና የዓይን ፈሳሽ ከነበረው፣ ዲስቴምፐር የተባለው የቫይረስ በሽታ ይታሰባል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጭ የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻን ግን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ አትንኩት፣ አታክሙት፤ ዝጉበትና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

የአዘዞው ወንድማችን እንግዲህ ሦስተኛ መርጫ እንዳይገዙ እለምንዎታለሁ። ነገ ጠዋት በማበጠሪያና በሶፍት ይፈትሹት፤ የረገፈውን በፌስታል ያስቀምጡ። መርገብገቡን በስልክዎ ቀርጸው ይያዙ፤ ውሻ እንግዳ ቦታ ሲደርስ ስለሚደነግጥ ሐኪሙ ፊት ላይታይ ይችላል። ከባጃጅ ሾፌሩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ አፉን በለስላሳ ጨርቅ ቢያስሩለት ለሁሉም ይበጃል፤ እንዲያለከልክ ግን ክፍተት ይተውለት፤ መንገድ ላይም ለብዙ ጊዜ ታስሮ አይቆይ። የተረጩትን የሁለቱንም መድኃኒት ጠርሙሶች፣ ባዶ ቢሆኑም፣ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ቀጣዩን መድኃኒት የሚያዝዘው በቆዳው ላይ ምን እንደቀረ ካወቀ በኋላ ነውና።