በመጦሪያችን ያሉ አረጋውያን የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከየት ጀምረን እንከልስ?

ጥያቄ፦ ነርስ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ በሚገኝ አነስተኛ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አገለግላለሁ። አብዛኞቹ እናቶችና አባቶች ወደ እኛ ሲመጡ መድኃኒታቸውን በላስቲክ ቋጥረው ይዘው ነው፤ ማን፣ መቼና ለምን እንዳዘዘላቸው የሚያስረዳ ወረቀት ግን የላቸውም። ባለፈው ወር አንዲት የ78 ዓመት እናት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው ግንባራቸው ተጎዳ። መድኃኒታቸውን ስቆጥር ሰባት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፦ ለግፊት ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን፣ ለእግር እብጠት ፉሮሴማይድ፣ ለስኳር ግሊቤንክላማይድ፣ ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ፣ ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል። ከሰሞኑ ጠዋት ጠዋት ሰው መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ግራ ይጋባሉ። በራሴ ሥልጣን መድኃኒት ማቋረጥ አልችልም፤ ዝም ብዬ ማየትም ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ክሊኒካል ፋርማሲስት

ሲስተር፣ ከሁሉ አስቀድመው አሁኑኑ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። እኚህ እናት ጠዋት ግራ ሲጋቡ በጣት ደም ስኳራቸውን ይለኩ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ሰጥተው በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳውቁ፤ መዋጥ ካልቻሉ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ፣ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ የሚጠራቀም በመሆኑ፣ በአረጋውያን ላይ ስኳርን ከልክ በላይ በማውረድ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ሰባቱን መድኃኒቶች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «ይህ የታዘዘው ለየትኛው ሕመም ነው?» ብለው አንድ በአንድ ይጠይቁ። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፤ ምናልባት ለዚያ እብጠት ፉሮሴማይድ ተጨመረ፤ ፉሮሴማይድ ሽንት ያበዛል፤ ሽንቱ ሌሊት ከአልጋ ያስነሣል፤ አሚትሪፕቲሊን የወሰደ ሰው ደግሞ ሲነሣ ይደነዝዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ዳይክሎፌናክም እንዲሁ ጨጓራን ይጎዳል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ከኢናላፕሪልና ከፉሮሴማይድ ጋር ሲገናኝም ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከሰባቱ አንዳንዶቹ የታዘዙት በሽታን ለማከም ሳይሆን ሌላው መድኃኒት ያመጣውን ጣጣ ለማከም ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ከልብ ድካም እንዳልመጣ ግን ሐኪም ሳያረጋግጥ ፉሮሴማይድ አይነካም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰውን የቢርስ መስፈርት ማየት ይጠቅማል፤ ለአረጋውያን አደገኛ ሊሆኑ የሚችሉ መድኃኒቶችን ይዘረዝራል፤ አሚትሪፕቲሊንና ግሊቤንክላማይድ ሁለቱም አሉበት። ዝርዝሩ ማስጠንቀቂያ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ጠያቂዋ፦

ትናንት ማለዳ ስለካ 58 ሆኖ ስላገኘሁት ወዲያው ለሐኪም ደወልኩ፤ ግሊቤንክላማይዱ እንዲቆምና ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ እንድለካ አዘዘ። ክብደታቸው 45 ኪሎ ነው። የኩላሊትን ሥራ ለማወቅ በደም የሚለካው ክሬቲኒናቸው ደግሞ 1.1 ስለሆነ፣ ኩላሊታቸው ደህና እንደሆነ ቀደም ሲል ተነግሮን ነበር።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ቶሎ መደወልዎ ትልቅ ነገር ነው። በክሬቲኒኑ ቁጥር ግን አይዘናጉ። ጡንቻቸው የሳሳ አረጋውያን ክሬቲኒን የሚያመነጩት ጥቂት ስለሆነ፣ ኩላሊታቸው ደክሞ እያለ ውጤቱ ደህና ይመስላል። ኩላሊታቸው ደም የሚያጣራበትን አቅም ለመገመት፣ ከ140 ላይ ዕድሜያቸው 78 ሲቀነስ 62 ይሆናል፤ በክብደታቸው 45 ይባዛል፣ 72 በክሬቲኒናቸው 1.1 ተባዝቶ በሚገኘው ይካፈላል፣ ሴት ስለሆኑ ደግሞ በ0.85 ይባዛል፤ ውጤቱ በደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህ በግልጽ የደከመ ኩላሊት ነው። ዳይክሎፌናኩ በቶሎ መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለግሊቤንክላማይድ ምትክ ሲፈለግም ሜትፎርሚን በዚህ ደረጃ እንደማይጀመር ይታወስ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የመድኃኒቱን ዝርዝር፣ የሳምንት የስኳር ልኬትና የግፊት ልኬት ይያዙ። ግፊቱን አምስት ደቂቃ ካስተኟቸው በኋላ፣ ቀጥሎም ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለኩ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የመውደቃቸው አንዱ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

አደራ የምለው፣ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ በስተቀር ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይቋረጥ ነው። አሚትሪፕቲሊን ቀስ በቀስ ይቀነሳል። በቤቱ ዲያዜፓም (የጭንቀት ማስታገሻ) ወይም ፕሮፕራኖሎል (የልብና የግፊት መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ካሉ፣ በድንገት ማቆም ራሱ ብርቱ ጉዳት ያመጣል።

መልስ፦ አባቷን ያስታመመች

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ በአባቴ የደረሰውን ግን ልናገር። ከሁለት ቦታ መድኃኒት እንገዛ ስለነበር፣ ከአንዱ ዳኦኒል፣ ከሌላው ግሊቤንክላማይድ ተሰጥቶን፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሳናውቅ ለሳምንታት ደርበን ሰጠነው። ስለዚህ እባክዎ ከካርቶኑ ላይ ትልቁን ስም ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውንም ያንብቡ።

ሌላው ጾም ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ረመዳንን የሚጾሙም፣ ፍልሰታንና ሁዳዴን የሚጾሙም አሉ። አባቴ ኪኒኑን በባዶ ሆዱ ውጦ ምግቡን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆይ ነበር፤ ብንቆጣው ደበቀን እንጂ አልተወም። በአፋን ኦሮሞ የሚያወሩትን በአፋን ኦሮሞ፣ በቀስታ፣ ሳይቆጡ ይጠይቋቸው። ዳማከሴና ጥቁር አዝሙድ የሚወስዱ ካሉም ይመዝገብ።

መልስ፦ በሌላ ከተማ መጦሪያ የምትሠራ ነርስ

እኛ ክለሳውን የምናደርገው አዲስ ሰው ሲገባ፣ ከሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ፣ ሲወድቅ ወይም ጠባዩ ሲለወጥ፣ ምንም ባይኖር ደግሞ በየስድስት ወሩ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ አለው፤ የተለወጠው መድኃኒት፣ ቀኑና ምክንያቱ በዚያው ይጻፋል። መድኃኒቱን የሚወስደውን ሰው ራሱን ሳንጠይቅ ምንም አንለውጥም።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ የሳምንቱን ልኬት ይዘን ቀረብን። ሲቆሙ የላይኛው ግፊታቸው በ26 ይወርዳል። ሐኪሙ ዳይክሎፌናኩን አቁሞ መጠኑ ለክብደታቸው በተስተካከለ ፓራሲታሞል ተካው፤ አሚትሪፕቲሊኑን በግማሽ ቀነሰ፤ ለስኳሩ አዲስ መድኃኒት ሳይጀምር የሁለት ሳምንት ልኬት እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ልባቸው በአልትራሳውንድ እንዲታይም ጻፈ። የአምሎዲፒኑና የፉሮሴማይዱ ጉዳይ ያ ውጤት ሲመጣ ይወሰናል። እስከዚያው ሌሊት ሲነሡ እንዲጠሩን ከአልጋቸው አጠገብ ደወል አስቀምጠንላቸዋል።