ለአይሁድ ትምህርት አስተማሪ ከዲግሪ በኋላ ምን ይሻላል?

ታናክ_አስተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ እስራኤል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታናክ (የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ) እና የአይሁድ ባህል አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪና የማስተማር ሰርተፊኬት አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሻባቶን (የመምህራን የጥናት ዕረፍት ዓመት) ስለምወጣ ጊዜ አገኛለሁ፤ ታዲያ ምን ልማር? አንዷ ጓደኛዬ "ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ታናክን ራሱን ተማሪ" ትለኛለች። ርእሰ መምህሯ ደግሞ "አስተዳደር ያዢ፣ እድገቱ እዚያ ነው" ባይ ናት። እኔን የቸገረኝ ግን ክፍል ውስጥ ያለው ነው። ጥቅሱን እናነባለን፣ ራሺን (ታናክን ያብራራውን የመካከለኛው ዘመን ረቢ) እንከፍታለን፣ ከዚያ ልጆቹ ጭጭ። የምገባባቸው ኢሽታልሙቶች (የመምህራን ሥልጠናዎች) ደሞ ፖስተር ሠርተን የምንወጣባቸው ናቸው። እስቲ ምከሩኝ።

ጡረተኛው
እህቴ፣ ርእሰ መምህር መሆን ካላማረሽ አስተዳደሩን ተዪው። ሁለተኛ ዲግሪ ደሞዝ ላይ ጭማሪ አለው፣ እሱ እውነት ነው። ግን ከመመዝገብሽ በፊት የመረጥሽው ዲግሪ እንደሚቆጠርልሽ ከትምህርት ሚኒስቴር በጽሑፍ ያዢ። በቃል የተነገረሽን አትመኚ።

መጽሐፍ_ወዳድ
ጓደኛሽ ግማሹን ትክክል ናት። ጽሑፉን ጠንቅቆ ሳያውቅ የሚያስተምር መምህር ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያልቅበታል። ግን ሊ ሹልማን የሚባለው አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር በ1986 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ የማስተማር ዘዴ ማወቅም አንድ ነገር ነው፣ ያንኑ ትምህርት ለተማሪ እንዲገባ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ራሱን የቻለ ሦስተኛ እውቀት ነው። አንቺ የጎደለሽ ይሄ ሦስተኛው ይመስለኛል። ስለዚህ የአይሁድ ትምህርት አሰጣጥን ራሱን የሚያጠና ቦታ ፈልጊ። ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ከ1968 ጀምሮ ያለው የሜልተን ማዕከል የቆመው ለዚሁ ነው።

ሶስተኛ_ወንበር
እኔ በዚህ አልስማማም። የትምህርት ዲግሪ ብዙ ጊዜ ቲዎሪ ይበዛበታል። የታወቀችውን የታናክ መምህርት ነኻማ ሌቦቪትዝን ተመልከቱ። ከ1942 እስከ 1971 በየሳምንቱ የጥያቄ ወረቀት እያዘጋጀች ትልክ ነበር። ሰው መልሱን ጽፎ ይመልሳል፣ እሷ በቀይ እስክሪብቶ አርማ ትልካለች። ከባዱ ጥያቄ ላይ አንድ ምልክት፣ በጣም ከባዱ ላይ ሁለት። ከዚህ የተሻለ የመምህራን ሥልጠና አሳዩኝ! "ራሺን ምን አስቸገረው?" የሚለው የታወቀ ጥያቄዋ ነው። ለልጆቹ "ራሺ ምን አለ?" አትበያቸው፣ ይሄን ጠይቂያቸው። ለምሳሌ ዘፍጥረት 22 ላይ "ልጅህን፣ አንዱን፣ የምትወደውን፣ ይስሐቅን" ይላል። ስሙ ብቻ ሲበቃ ይሄ ሁሉ ለምን? መጀመሪያ እነሱ ይጨነቁበት። ከዚያ ራሺን ክፈቺ፤ አብርሃም "ሁለት ልጆች አሉኝ" ይላል፣ "አንዱን" ሲባል "ይሄም ለእናቱ አንድ ነው፣ ያም ለእናቱ አንድ ነው" ይላል፣ "የምትወደውን" ሲባል "ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ" ይላል። በዚህ ዝም የሚል ክፍል ካለ ንገሪኝ።

መጽሐፍ_ወዳድ
@ሶስተኛ_ወንበር አንተ እኮ አሁን የጻፍከው ያ ሦስተኛው እውቀት ነው 😄 ነኻማ ብቻዋን የሠራችውን ዛሬ ጥሩ ፕሮግራም ሊሠራው ይችላል፣ ቲዎሪ ብቻ ከሆነ ግን እኔም አልመክርም።

የቄስ_ልጅ
አንድ ነገር ልጨምር። የመመረቂያ ወረቀት የሚያሠራ ፕሮግራም ከገባሽ ርእሱን ከቤታችን፣ ከኢትዮጵያ አይሁድ ባህል አምጪ። በዓላችን ስግድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ብሔራዊ በዓል ነው፣ ግን ብዙ ትምህርት ቤት ዳቦና ጭፈራ ሆኖ ያልፋል። ቄሶቹ የሚያነቡትን፣ ሲናይና ነህምያን፣ ተማሪ ከግዕዙ ኦሪት ጋር እያያዘ ቢማረው ምን ይመስላል? ቄሶቹ በሕይወት እያሉ ቢጠየቁ ነው የሚሻለው።

ታናክ_አስተማሪ
ተባረኩ። @ሶስተኛ_ወንበር የዘፍጥረቱን በዚህ ሳምንት እሞክረዋለሁ። @የቄስ_ልጅ ሐሳብህ ገብቶኛል፣ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያማክር መምህር ይገኛል?

ጡረተኛው
እሱን ከምዝገባ በፊት ጠይቂ። ማን እንደሚያማክርሽ ስሙን ይንገሩሽ፣ አንድ ክፍለ ጊዜም ገብተሽ እንድታዳምጪ ጠይቂያቸው። ደግሞ እየተማርሽ ክፍልሽን መጥቶ የሚያይና የሚያርምሽ ሰው አለ ወይ? ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጊ።