የሂሮሺጌን «የካንባራ የሌሊት በረዶ» እንዴት መመልከት ይገባል?

ጥያቄ (ከደሴ)

ጤና ይስጥልን። ኮምቦልቻ የሚኖሩት አጎቴ የጃፓናዊውን ሠዓሊ የኡታጋዋ ሂሮሺጌን «የካንባራ የሌሊት በረዶ» ቅጂ በመስታወት አስገብተው ሰጥተውኝ ሳሎን ሰቅየዋለሁ። ሦስት ሰዎች በተዳፋት መንገድ ላይ በበረዶ ውስጥ ይሄዳሉ፤ ከእነሱ ልብስ በቀር ሁሉም ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ነው። ውበቱ ይሰማኛል፤ ሆኖም ግማሹ ወረቀት ባዶ የተተወ እየመሰለኝ ዓይኔ ማረፊያ ያጣል።

መልስ (ከኮምቦልቻ)

ባዶ የመሰለዎት ነጭ፣ ቀለም ሳይሆን ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ሥራው በተጠረበ ጣውላ የታተመ ነውና። ሠዓሊው የሣለውን ንድፍ ጠራቢው በቼሪ ጣውላ ላይ ገልብጦ ይለጥፍና መስመሮቹ ብቻ ጎልተው እንዲቀሩ ሌላውን ይፈለፍለዋል፤ ለቀለሞቹም ሌሎች ጣውላዎች ይዘጋጃሉ። አታሚው ቀለም በተቀባው ጣውላ ላይ እርጥብ ወረቀት ዘርግቶ፣ በቀርከሃ ልባስ በተጠቀለለ ክብ መጫኛ ጀርባውን ያሻል። ስለዚህ በረዶው ያለው ቀለም ባልደረሰበት ቦታ ነው። ሰማዩንም ልብ ይበሉ፤ ጥቁሩ ቀስ እያለ ወደ ግራጫ የሚሟሟው፣ አታሚው ለእያንዳንዱ ቅጂ ቀለሙን ጣውላው ላይ በእጁ ስለሚያሳሳው ነው። በአንዳንዱ እትም ጥቁሩ ከላይ ይጀምራል፤ በሌላው ደግሞ ከተራራው ጀርባ ይነሣል። የእርስዎ የትኛው ነው?

መልስ (ከደሴ)

እኔ ደግሞ ጸጥታውን ያድምጡ እላለሁ። እኛ በረዶ ስንል የምናውቀው ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ የሚወርደውን ነው፤ ይህኛው ግን ጉም የጦሳን ተራራ እንደሚያለብሰው ያለ አንዳች ኮሽታ የወረደ ነው። ሁለቱ መንገደኞች የለበሱት የሣር ካባ ከእኛ እረኞች ገሳ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አይተዋል? ሦስተኛው በግማሽ በተከፈተ ጃንጥላ ራሱን ሸፍኖ ወደ ግራ ያዘግማል፤ የአንዳቸውም ፊት አይታይም።

ሥራው ከኤዶ (ከዛሬዋ ቶኪዮ) ወደ ኪዮቶ በሚወስደው የቶካይዶ መንገድ ያሉትን 53 ማረፊያዎች ከሚያሳየውና በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከታተመው ተከታታይ ሥራ አንዱ ነው። እጅግ የሚገርመኝ፣ ካንባራ በባሕር ዳር ያለች፣ በረዶ እምብዛም የማይጥልባት ሞቃት ቦታ መሆኗ ነው። ሂሮሺጌ ይህን ሁሉ በረዶ ያወረደው ከልቡ አውጥቶ ይመስለኛል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከሥዕሉ ፊት ወንበር ስቤ ብዙ ተቀመጥሁ። የእኔ ሰማይ የጠቆረው ከላይ ነው። ዓይኔ በመጨረሻ ያረፈው በሁለቱና በአንዱ መንገደኛ መካከል ባለው ነጭ ላይ ሲሆን፣ ሲተላለፉ እግዜር ይመስገን ተባብለው ይሆን እያልሁ አሰብሁ።