ሕያው ማዳበሪያ በማሳችን፦ ለመጪው መኸር የጋራ ዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ለየወረዳዎቻችን ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና ለአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል የምናቀርበውን ዕቅድ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። ረቂቁ ለጊዜው ይሄ ነው፦ «አባላት በመጪው መኸር በባቄላ፣ በሽምብራና በበርበሬ ማሳቸው ላይ ጠቃሚ የአፈር ተሕዋስያንን ይጠቀማሉ። ማኅበሩ ሕያው ማዳበሪያውን በጋራ ገዝቶ ያከፋፍላል።» የጎደለውን ሙሉ፣ የበዛውን ቀንሱ።

አዲስ ለገባችሁ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ ብለን በውድ የምንገዛውም ይሄንኑ ነው። ተክል ግን ናይትሮጅንን በቀጥታ ከአየር መውሰድ አይችልም። ባቄላና ዘመዶቹ እዚህ ላይ አጋዥ አላቸው። ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ በሥሩ ፀጉር በኩል ገብቶ ቋጠሮ ይሠራል። እዚያው ሆኖ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት ዓይነት ይለውጣል። ተክሉም በስኳር ይመግበዋል። ቤየሪንክ የተባለ የኔዘርላንድ ሳይንቲስት ባክቴሪያውን ከቋጠሮ ውስጥ ለይቶ ያሳደገው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። ተዘጋጅቶ ለገበያ የቀረበውም ከዚያ 10 ዓመት ሳይሞላ ነው። ስለዚህ በእኛ ላይ የሚሞከር አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችንም መናገሻ ባዮቴክ የሚባል ድርጅት ያመርተዋል። ባለ 125 ግራሙ ፓኬት ለአንድ ቃዳ፣ ለሩብ ሄክታር ማለት ነው፤ ለሄክታር 4 ፓኬት።

የማቻከል አባል

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እኔ ባለሁበት ቀበሌ ባቄላ የተውነው ማዳበሪያ ጠፍቶ አይደለም። መሬቱ አሲዳማ ሆኖብን ነው። ይበቅላል፣ ክንድ ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ ይቆማል። ገብሱም እንደዚያው። ፓኬቱ ይሄን ያድናል?

የአፈር ባለሙያ፣ አባል

አያድንም ጋሼ። ብቻውን አያድንም።

የአፈሩ ፒኤች፣ የአሲድነቱ መለኪያ ማለት ነው፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። የሥሩን ጫፍ ይጎዳዋል፤ ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ፎስፈረሱም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ አይደርሰውም። የባቄላው ባክቴሪያ ራሱ እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ መኖርና መራባት ይቸግረዋል። በዚህ ዓይነት ማሳ ላይ ፓኬት መጠቀም ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ ይቅደም። ኖራውም ለመዝሪያ ሳምንት ሲቀረው የሚበተን አይደለም። ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። መጠኑን የሚወስነው የአፈር ምርመራው ነው።

እኔ አሁን ባለው ረቂቅ አልስማማም። «ገዝቶ ያከፋፍላል» የሚለው ከመምጣቱ በፊት «የእያንዳንዱ ማሳ አፈር ይመረመራል» የሚል ይግባ። አሲዳማ ሆኖ ኖራ ያላገኘ ማሳ በዚህ ዓመት ፓኬት አይወስድ።

የማቻከል አባል

እውነቱን ነው። ግን ኖራ በኪስ የሚያዝ ነገር አይደለም፣ በኩንታል ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ማሳው ማን ያደርስልናል? ይሄ በዕቅዱ ካልተጻፈ እኛ ደጋ ያለነው ከዕቅዱ ወጣን ማለት ነው።

ጸሐፊ

ይጻፋል። ማጓጓዣው ራሱን ችሎ ይገባል። ከወረዳው የምንጠይቀውም ከፓኬቱ በፊት ኖራውንና መኪናውን ይሆናል። ፓኬቱንማ ተዋጥተን እንገዛዋለን።

የባንጃ አባል

ወንድሞች፣ እኛ ጋ ሳይገዛ የሚሠራ አለ፤ ግብጦ! ባቄላ እምቢ ባለበት ቀይ አፈር ላይ ግብጦ ይበቅላል። አባቶቻችን መሬት ሲደክም ግብጦ ይዘሩበት የነበረው ለቆሎና ለአረቄ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራበት ሰብል ያምርበታል። ነቅላችሁ ሥሩን እዩት፣ ቋጠሮው ሙሉ ነው። ፋግታ ለኮማ ያሉት ገበሬዎች በዲከረንስ ዛፍ ያገኙትን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራሉ፣ ዛፉ ከሰል ይሆናል፣ ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። እሱም ናይትሮጅን ከአየር የሚያስር ዛፍ ነው።

የአፈር ባለሙያ

በጣም ትክክል። ይሄን ማንሳትህ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ሕያው ማዳበሪያ ሲባል ሰው ሁሉ ፓኬቱን ብቻ ነው የሚያስበው።

ግብጦ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ ከራሱ ባክቴሪያ ጋር ናይትሮጅን ያስራል። ሁለተኛ፣ ይሄ ይበልጥ ያስደንቀኛል፣ ፎስፈረስ ሲያጥረው እንደ ብሩሽ የተሰበሰቡ ጥቃቅን ሥሮች ያወጣል። ከእነሱ የሚወጣው ሲትሪክ አሲድ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የቀረውን ፎስፈረስ ያላቅቀዋል። በእኛ ቀይ አፈር ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን አንሳሳት። የግብጦው ባክቴሪያ ባቄላ ላይ አይሠራም። ከግብጦ ማሳ አፈር አምጥቶ ባቄላ ላይ መበተን ውጤት የለውም። የባቄላው ባክቴሪያ ለአተር፣ ለምስርና ለጓያ ይሆናል። ሽምብራ የራሱ አለው፣ አኩሪ አተርም የራሱ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የሰብል ስም እንዲሁ ለጌጥ አይደለም።

የእነማይ አባል

እንግዲያው የእኛ ነገር ይለያል። መሬታችን ዋልካ ነው፣ የአሲድ ችግር የለብንም። ሽምብራ የምንዘራውም ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም ላይ፣ በቀረው እርጥበት ነው። ማኅበሩ ሰኔ ላይ አንድ ላይ ከገዛ የእኛ ፓኬት መጋዘን ውስጥ 3 ወር ሊቀመጥ ነው። በውስጡ ያለው ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ይሞትብናል። ግዢው ለሁለት ይከፈል።

ጸሐፊ

ተቀብያለሁ። የባቄላው ሰኔ መግቢያ፣ የሽምብራው ነሐሴ መጨረሻ። መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል አስበን ከሁለቱም ቀድመን ትዕዛዙን እናስገባ፤ ፓኬቱን ግን ለመዝሪያ ሲቀርብ እንረከብ። የምንረከበው ሰው የማብቂያ ቀኑን አይቶ ብቻ ይፈርም።

የቡሬ አባል

እናንተ ባቄላና ሽምብራ ትላላችሁ፣ እኔን ያቃጠለኝ በርበሬው ነው። አበባ ይዞ ሳለ በአንድ ሳምንት ጠውልጎ ይደርቃል። ነቅለን ስናየው ሥሩ ቡናማ ሆኗል። አጠውልጉ ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ከበርበሬ አስወጥቷል። ትሪኮደርማ የሚባል እንዳለ ሰምቻለሁና እሱ በዕቅዱ በደንብ ይግባ።

የአፈር ባለሙያ

እህቴ፣ ትሪኮደርማ ፈንገስ ነው። ሥር የሚያበሰብሱ ሌሎች ፈንገሶችን ቦታና ምግብ ይሻማቸዋል፣ በላያቸውም ተጠምጥሞ ይበላቸዋል። ጥሩ የሚሠራው ቀድሞ ሲገባ ነው፤ ችግኝ መደብ ላይ፣ ሥሩ ገና ንጹሕ እያለ። ማሳው ከተያዘ በኋላ መድኃኒት አድርገን አንጠብቀው። አጠውልጉ በባክቴሪያ የመጣ ከሆነም በእሱ ላይ አንመካ። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ላይ ደግሞ ምንም ቢጨመር በሽታው ይመለሳል። ከፍ ያለ መደብ፣ ቦይ፣ በርበሬን ከድንችና ከቲማቲም ጋር አለማፈራረቅ፣ እነዚህ ይቀድማሉ። በርበሬን ከዚህ ዓመት ዕቅድ እናውጣው ባይ ነኝ።

የቡሬ አባል

አይወጣም! መዋጮ ስንጠየቅ እኩል ነው የምንከፍለው። በማሳ አይሁን፣ እሺ። በችግኝ መደብ ይሁን። አርሶ አደር ማሰልጠኛው ላይ ሁለት መደብ እንሥራ፤ አንዱ በትሪኮደርማ፣ አንዱ ያለ እሱ። ሁለቱም በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይግባባቸው። ችግኙን ወደ ማሳ ስናዞር ለየብቻ እንትከልና እንየው።

የአፈር ባለሙያ

ይሄ ከእኔ ሐሳብ የተሻለ ነው። ተመዝግቦ የተፈቀደ ምርት ብቻ እንጠቀም፣ ሌላ ቅድመ ሁኔታ የለኝም።

የቡሬ አባል

አንድ ልጨምር። ዘር የምናሸው በአብዛኛው እኛ ሴቶቹ ነን። ሥልጠና ሲሰጥ ግን የሚጠራው አባወራው ነው። እሱ ሰምቶ ይመጣል፣ ግማሹን ይነግረናል። እርሾን በፈላ ውሃ የሚያቦካ የለም፤ ይሄም እንደዚያው በሕይወት ያለ ነገር መሆኑን ያልተነገረው ሰው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሥልጠናው ለባልና ለሚስት በአንድ ላይ ይሁን። ይሄ በጽሑፍ ይግባልኝ።

ጸሐፊ

ይገባል። አሠራሩንም እዚሁ ላስቀምጠው፣ በኋላ ወረቀት ላይ አውጥተን ለሁሉም እናድላለን። ዘሩ ጥላ ሥር በስኳር ውሃ ትንሽ ይረጥባል፣ እንዲጣበቅ ነው። ፓኬቱ ይጨመርበትና ዘሩ ሁሉ ጥቁር እስኪለብስ በቀስታ ይታሻል። በዚያው ዕለት፣ ቢቻል በዚያው ጠዋት ተዘርቶ ወዲያው አፈር ይለብሳል። በፀረ ፈንገስ ኬሚካል ከታሸ ዘር ጋር አይገናኝም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ካለው ከኤንፒኤስ ማዳበሪያም ጋር በአንድ ዕቃ አይቀላቀልም፤ ማዳበሪያው በመስመሩ ገብቶ አፈር ከለበሰ በኋላ ዘሩ ከላይ ይመጣል።

ኤንፒኤሱ አይቀርም፣ ባክቴሪያው ፎስፈረስ አይሠራልንም። ዩሪያ ግን በባቄላው ላይ አይጨመር። ኤንፒኤስ ራሱ 19 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ናይትሮጅን ሲበዛለት ተክሉ ቋጠሮ መሥራቱን ይተዋል።

የጎዛምን አባል

ቆርምድንስ ይከላከላል? እኛ ጋ ባቄላውን የጨረሰው እሱ ነው።

የአፈር ባለሙያ

አይከላከልም። ቆርምድ ቅጠልና ግንድ ላይ የሚወጣ ሌላ በሽታ ነው። ለእሱ የሚቋቋም ዝርያና ሰብል ማፈራረቅ ነው የሚያስፈልገው። ይሄን ለአባላት ቀድመን ካልነገርን ቆርምድ ሲመጣ ፓኬቱ ነው የሚወቀሰው።

ጸሐፊ

አሁን እኔ በጣም ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። እያንዳንዱ ተሳታፊ ከማሳው አንድ ጠርዝ ያለ ፓኬት ይዝራ። ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ አረሙ፣ ሁሉም እኩል። ልዩነቱ ባክቴሪያው ብቻ ይሁን።

የእነማይ አባል

ለምን ሆን ብዬ ምርቴን እቀንሳለሁ? ይሠራል ካላችሁ ሁሉም ላይ ላድርገው።

ጸሐፊ

ወንድም ዓለም፣ የዝናቡ ዓመት ጥሩ ሆኖ ምርት ቢያምር በፓኬቱ ነው እንላለን። ቢበላሽ ፓኬቱ ነው እንላለን። ሁለቱም ከንቱ ወሬ ነው። አንዳንድ ማሳ ላይ በቂ ባክቴሪያ ከድሮም አለ፤ እዚያ ፓኬት መግዛት አያስፈልግም። ያንን የሚነግረን ያ ጠርዝ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብህን ሊያተርፍልህም ይችላል።

አበባ ሲያወጣ ከሁለቱም በኩል ጥቂት ተክል በአካፋ ከነአፈሩ እናወጣለን፤ በእጅ ከተጎተተ ቋጠሮው አፈር ውስጥ ይቀራል። ሥሩን አጥበን ቋጠሮውን በምላጭ እንሰነጥቃለን። ውስጡ ቀላ ካለ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። አጨዳውም ለየብቻ ተወቅቶ ይመዘን።

የእነማይ አባል

እሺ፣ አንድ ጠርዝ ከሆነ ይሁን። ሰፊ ግን እንዳታደርጉት።

ጸሐፊ

አንድ አምስት ሜትር ወርድ ይበቃል። እንግዲህ የተስተካከለው ጽሑፍ ይሄ ነው፦ «ማኅበሩ መጀመሪያ የአባላቱን ማሳ አፈር ያስመረምራል። አሲዳማ ለሆኑት ኖራና ማጓጓዣ ከወረዳዎቹ ይጠይቃል፤ ኖራ እስኪያገኙ ግብጦ በሰብል ፈረቃ ይገባባቸዋል። ለተቀሩት የባቄላና የሽምብራ ሕያው ማዳበሪያ በሁለት ዙር ይገዛል። በርበሬ በቡሬ ሁለት ችግኝ መደብ ላይ ይሞከራል። ሥልጠናው ባልና ሚስትን አንድ ላይ ያካትታል። በየማሳው ያለ ፓኬት የሚዘራ ማወዳደሪያ ይቀመጣል።» ከአዴት የምንጠይቀው አበባ ላይ መጥተው ሥሩን አብረውን እንዲያዩ ነው።

ናሙናው ከአሁኑ ይጀመር፣ የካቲት ሳያልቅ። ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ አንድ ላይ ቀላቅሉና 1 ኪሎ ያህል ውሰዱ። ፍግ የተከመረበትን፣ አጥር ሥር ያለውንና የከብት መዋያውን ዝለሉት።

የደብረ ኤልያስ አባል

እኛ አራት ቤተሰብ ነን፣ እንገባለን። የእኔ ማሳ ግማሹ ተዳፋት ላይ ቀይ ነው፣ ግማሹ ታች ጥቁር ነው። አንድ ላይ ልቀላቅለው?

የአፈር ባለሙያ

እንዳትቀላቅለው። ሁለት ናሙና፣ ሁለት ከረጢት። የላይኛውን «ቀይ» ብለህ ጻፍበት።