ደጋግመን የምናያቸው ፊልሞችና የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች፦ ሳቃቸው ከየት ይመነጫል?

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ፊልም ለምትወዱ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሐሳቤን ይዞታል። ጥያቄውን ከማቅረቤ በፊት ግን የራሴን ምርጫ ከነምክንያቱ ልናገር፤ «የትኛውን ትወዳላችሁ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የርእስ ዝርዝር ከማስገኘት አያልፍምና።

ከውጭ ፊልሞች ሁሉ የማስበልጠው የቻርሊ ቻፕሊንን «የከተማ መብራቶች» ነው። ፊልሙ ለተመልካች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ተዋንያን የሚናገሩበት ፊልም ከመጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው የሆሊውድ ሠሪዎች ወደዚያው ጎርፈው ነበር። ቻፕሊን ግን ሙዚቃና ጥቂት ድምፆችን ብቻ ጨምሮ ያን ባለ ኮፍያና ባለ ከዘራ ድኻ ሳያናግረው ቀረ። ውሳኔው ዛሬም ድረስ የሚጠቅመው እንደ እኔ ያለውን ተመልካች ነው፤ ሰውየው በእንግሊዝኛ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ የእንግሊዞችና የአሜሪካውያን ሆኖ ይቀር ነበር፣ ዝም በማለቱ ግን ጎጃም ውስጥ ያለ ፊደል ያልቆጠረ አዛውንት እንኳ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ዓይነ ስውር የነበረችው አበባ ሻጭ ዓይኗ ከበራ በኋላ፣ የረዳት ሰው ባለጸጋ ሳይሆን ያ ጎስቋላ መሆኑን እጁን ዳስሳ የምታውቅበት የመጨረሻው ትዕይንት፣ በእኔ ግምት፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ የፍቅር ፊልሞችን ያስንቃል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ስንስቅበት የቆየነው ሰው ነው በአንድ ጊዜ አንጀታችንን የሚበላው።

ከቴሌቪዥን ኮሜዲ «ሚስተር ቢን»ን አስቀድማለሁ። ሮዋን አትኪንሰን የሚተውንበት ይህ ተከታታይ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995 ባለው ጊዜ የቀረበው በ15 ክፍል ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ግን በመቶ የሚቆጠር ይመስለዋል። በመጀመሪያው ክፍል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንቅልፍ ሲያዳፋው፣ ከዚያም አንዲት ከረሜላ ሰው ሳያየው አፉ ለማድረስ ሲታገል የሚታይበትን ትዕይንት አስታውሱ። ሰውየው ለማሳቅ ብሎ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም። እርሱ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ ከረሜላዋን መብላት አለበት፣ መታየት ደግሞ የለበትም። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው፤ ቅዳሴ ላይ ቆሞ እግሩ የዛለበት ሰው ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል።

ከአገራችን አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በጥምረት ያቀርቧቸው የነበሩትን ጭውውቶች እስከ ዛሬ አልጠገብኳቸውም። አንዱ የሌላውን ቃል ከአፉ ተቀብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲወስደው፣ ሁለቱም በክርክሩ ከልባቸው ያመኑበት ይመስላሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ብዙዎቹ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎቻችን ሲጀምሩ ጥሩ ታሪክ ይዘው ይመጣሉ፤ እየቆዩ ሲሄዱ ግን ታሪኩ ይሟጠጥና ሳቁን ከአነጋገር መፈለግ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ አንድ ከገጠር የመጣ ገጸ ባሕርይ ይገባል፤ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ይሆናል፣ ከተማው ይደነቃቀፍበታል፣ ንግግሩም የእኛን አገር ገበሬ አነጋገር አስመስሎ የተጋነነ ነው። ስለ አንድ የተለየ ድራማ አይደለም የምናገረው፤ ልማድ ሆኗልና። በጎጃሜ መሳቁ ቅር አያሰኘኝም፤ አገሬው በራሱ ላይ መሳቅን ያውቅበታል። ቅር የሚያሰኘኝ ሰውየው የሚፈልገው፣ የሚፈራው፣ የሚደብቀው ነገር ሳይሰጠው፣ ቃል በመጎተቱ ብቻ እንዲሳቅበት መደረጉ ነው። ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ያሉበት አገር ሰው ቴሌቪዥን ውስጥ ሲገባ አንዲት ብልህ ቃል እንኳ ይነፈጋል።

ይህ የሚሆነው ደራሲዎቹ ስለሚደክሙ ነው ወይስ ተመልካቹ ስለሚፈልገው? እናንተስ ደጋግማችሁ የምታዩት ፊልምና ኮሜዲ የትኛው ነው፣ ስለ ምን?


ዘጣና (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ያነሱት ጉዳይ እኔንም ለብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ ስለ ኖረ በዝርዝር ልመልስልዎት። ቴአትር የተማርሁ ሴት እንደ መሆኔ ነገሩን ከአሠራሩ አንጻር ነው የማየው፤ ደራሲው ይደክማል፣ የሚያደክመውም የሥራው ሥርዓት ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የእንግሊዞቹን «ፎልቲ ታወርስ» ነው። ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ አብረው የጻፉት ይህ የሆቴል ታሪክ በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ አለው፤ ስድስቱ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ስድስቱ ደግሞ በ1979 ነው የቀረቡት። በመካከሉ አራት ዓመት አለ ማለት ነው። የሆቴሉ ባለቤት ባዝል ከመኳንንት ጋር መቆጠር ይመኛል፣ ሚስቱን ይፈራል፣ እንግዶቹን ይንቃል፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረው አንዲት ትንሽ ነገር ለመደበቅ በሚያደርገው ሙከራ ነው፤ ያችም ትንሽ ነገር ደረጃ በደረጃ እያደገች ሄዳ በመጨረሻ ቤቱን ሁሉ ታተራምሳለች። በአንደኛው ደቂቃ የተነገረች ተራ ቃል በሃያኛው ደቂቃ ተመልሳ ሰውየውን ትጥለዋለች። እንዲህ ያለ አሰካክ በሳምንት አንድ ክፍል ለማድረስ በሚሯሯጥ ሰው እጅ ሊሠራ አይችልም።

ረጅም ሆኖ ጥሩ የሆነ የለም ወይ ቢሉኝ አለ። አሜሪካኖቹ «ሳይንፌልድ»ን 180 ክፍል አድርሰውታል። ነገር ግን ያ ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አልተጫነም፤ ሐሳብ የሚያዋጡና የሌላውን ጽሑፍ የሚያርሙ ብዙ ጸሐፊዎች ነበሩት፣ በየዓመቱም ከቀረጻ የሚያርፉበት ወራት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያበቃ ተመልካቹ ገና አልቀነሰም ነበር፤ ጄሪ ሳይንፌልድ በቃኝ ያለው በዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ስፖንሰር እስካለ ድረስ ድራማው ይቀጥላል፣ ስፖንሰሩ ሲቀር ደግሞ ታሪኩ ሳይቋጭ ይቆማል፤ በዚህ መካከል አንድ ወይም ሁለት ደራሲ ዓመቱን ሙሉ ይጽፋል። ሐሳብ ባለቀበት ሌሊት በእጅ የሚገኘው ነገር የተጋነነ አነጋገርና የተጣመመ ፊት ነው። ተዋናዩም ቢሆን ስክሪፕቱን ከቀረጻው ጥቂት ቀደም ብሎ ከተቀበለ ገጸ ባሕርዩን ለማጥናት ጊዜ ከየት ያመጣል?

ስለዚህም ነው በፋና ቴሌቪዥን ይቀርብ የነበረውን «ምን ልታዘዝ»ን የማከብረው። አንድ ካፌን መድረክ አድርጎ የአገሩን ፖለቲካ በአስተናጋጆችና በደንበኞች አፍ ሲያናግር፣ ቀልዱ የሚነሣው ሰዎቹ ከሚሻሙበት ጉዳይ ነበር። ማን ያዛል? ማን ይታዘዛል? ይህን ጥያቄ ሳያነሣ ያለፈ ክፍል ትዝ አይለኝም። እንዲቆም ባልፈልግም፣ ሳይንዛዛ በመቅረቱ ዛሬ መልሼ ሳየው አይሰለቸኝም።


የአዊ ፈረሰኛ (ዳንግላ)

እኔ በከፊል አልስማማም። አፌን የፈታሁት በአውንጊ ነው፣ አማርኛን ያጠናሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ አነጋገሬ ከሌላው እንደሚለይ ስለማውቅ ጉዳዩ እናንተን ከሚነካችሁ ይበልጥ ይነካኛል። ቢሆንም አነጋገር ከኮሜዲ ይውጣ ከተባለ ሁሉም ሰው እንደ ዜና አንባቢ ሊናገር ነው፤ ያ ደግሞ ከመሳቂያነት የባሰ ውሸት ይሆናል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ተመልከቱ። ታሪኩ የሚያርፈው ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ወደ ዳኛ እንዲሄዱ በሚያደርገው የቀድሞው የቁራኛ ሕግ ላይ ነው፤ ወጣቱ ገጸ ባሕርይ የቅኔ ተማሪ ነው፣ ንግግሩም የገጠር ንግግር ነው፣ ግን ማንም አይስቅበትም። ኮሜዲ ባይሆንም እኔ ሳቅሁበት፤ ሁለት ጠላቶች በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው እንዲበሉ፣ አብረው እንዲተኙ፣ አብረው እንዲጓዙ ሲገደዱ መሳቅ የግድ ነው።

ከውጭ ፊልም ደግሞ የእኔ ምርጫ በቪዲዮ ቤት ያየኋቸው ትርጉም ፊልሞች ናቸው። አንድ ሰው የወንዱንም የሴቱንም የሕፃኑንም ንግግር በአማርኛ እየተረከ ሲያቀርብ፣ የራሱን ምርቃት ጣል ሲያደርግ፣ የሕንዱም የቻይናውም ሰው የሰፈራችን ሰው ይሆን ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲመጣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የየራሱ ድምፅ ተሰጠው፤ ሥራው ንጹሕ ነው፣ እኔ ግን የዚያን ብቸኛ ተራኪ ድምፅ ነው የምናፍቀው።


የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኅቴ ዘጣና ስለ ስፖንሰሩ ያሉት ነገር ብዙ ገለጠልኝ፤ የመጨረሻው ክፍል መቼ እንደሚሆን የማያውቅ ደራሲ መጨረሻ ሊያስብ አይችልምና። ወንድሜ የአዊ ፈረሰኛ፣ አነጋገሩ ይውጣ አላልሁም፤ «ቁራኛዬ» ላይ የጠቀሱት እኔም የምመኘው ነው፤ ሰውየው በራሱ አነጋገር ከባድ ነገር ይናገር። አሁን የሚቀረኝ ጥያቄ በአስቂኝ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ማን አሳይቶናል የሚለው ነው።


ዘብቸና (ብቸና)

የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ለመጨረሻው ጥያቄህ መልሱ ቤትህ ደጃፍ ላይ ስላለ ዝም ማለት አልቻልሁም። የጎጃሙ ተወላጅ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳን ፈጥረውልናል። ሰዎች እብድ ነው ይሉታል፣ ይሥቁበታል፤ እርሱ ግን ከሁሉ ይልቅ የተማረና አርቆ የሚያይ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ሲመኩ አንባቢው ይሥቃል፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ ሳቁ ይቆማል። የሳቁ አቅጣጫ እንዴት እንደ ዞረ ልብ በል፤ አገር የሚሥቅበት ሰው ልባም ሆኖ ተገኘ፣ አገር የሚፈራው ሰው መሳቂያ ሆነ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በራዲዮ ሲተርከው የሰሙ ሰዎች ይህን ልዩነት በድምፁ ብቻ ይለዩት እንደ ነበር እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ይህንኑ ሰው በፊልም ማየት ከፈለግህ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፈልገህ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ በአንድ ጨካኝ ባለርስት ሥር የሚኖር የገበሬ ቤተሰብን ይከተላል። በዚያ ውስጥ ከበበ የሚባል፣ መሬቱን የተነጠቀና እብድ የሚባል ሰው አለ፤ ባለርስቱን በአደባባይ የሚሳደበው፣ እውነቱን ያለ ፍርሃት የሚናገረው እርሱ ነው። ፊልሙ በጣም ዝግ ይላል፤ ካሜራው ገበሬው ሞፈር ቀንበሩን ይዞ ሜዳውን እስኪያቋርጥ ይጠብቃል። ትዕግሥት የሌለው ተመልካች ይሰላቻል፤ እኔ ግን እርሻን በእውነተኛ ፍጥነቱ ያሳየ ሌላ ፊልም አላየሁም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው በ«ጤዛ» ነው፣ «ጤዛ»ም ታላቅ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ አንዱን ምረጥ ብባል የቀድሞውን እመርጣለሁ፤ ገበሬው በራሱ አንደበት የሚናገረው እዚያ ነውና።

ለኮሜዲ ጸሐፊዎቻችን የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ከገጠር የመጣውን ዘበኛ ከድራማው አያስወጡት፤ ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ የሚያየው እርሱ ይሁን። ጌታው ምን እንደ ደበቀ፣ እመቤቷ ለማን እንደ ደወለች፣ ልጁ በየትኛው መስኮት ወጥቶ እንደ ገባ በሩን የሚጠብቅ ሰው ያውቃል። የሚያውቀውንም በቀጥታ እንዳይናገር እንጀራው ያስፈራዋል፤ ስለዚህ በሰምና ወርቅ ይናገራል፤ ጌታው ሰሙን ሰምቶ ይሥቃል፣ ተመልካቹ ወርቁን ያገኛል። እንዲህ ከተጻፈ አነጋገሩ ምንም ያህል የጎጃም ቢሆን የሚያፍርበት አይኖርም፤ ዘጣና የነገሩን የደራሲ ድካምም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ አዲስ ቀልድ ከመፈለግ ይልቅ በየሳምንቱ አዲስ ምሥጢር በር ላይ ማሳለፍ ይበቃልና።

ደጋግሜ የማየውን ለጠየቅኸው፦ ከፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ንና «ቁራኛዬ»ን፣ ከቴሌቪዥን ኮሜዲ «ምን ልታዘዝ»ን። ተማሪዎቼ ደግሞ «ሚስተር ቢን»ን አጥብቀው ይወዳሉ፤ ስለ ገጸ ባሕርይ ፍላጎት ሳስተምር የጠቀስኸውን የከረሜላውን ትዕይንት አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያም ጉዱ ካሳ ምን ይፈልግ እንደ ነበር እንዲጽፉልኝ አዛቸዋለሁ።