ከሰፈር ቦይ ውሃ ቀድቶ የትኛው ኮሮና እንዳለ ማወቅ ይቻላል እንዴ?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነኝ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሁለት ልጆች ጓንት አጥልቀው በገመድ በታሰረ ጆግ ከሰፈራችን ቦይ ውሃ ይቀዳሉ። ጠርሙስ ሞሉ፣ ውጪውን በአልኮል ጠረጉ፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከተቱና በባጃጅ ሄዱ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ "ለጥናት ነው" ብለው አለፉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በወሬ ተናጧል። አንዲት እትዬ "ኮሮና ሊዘሩብን ነው" ይላሉ፣ ሌላው "ጫት ቃሚውን ሊመዘግቡ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ ሳነብ ፍሳሽን ሲኩዌንስ አድርገው (የዘረመሉን ፊደል አንብበው ማለት ነው) የቫይረስ ዝርያ የሚለዩ አገሮች እንዳሉ አየሁ። የምር ነው? የስንት ሺህ ሰው ቆሻሻ ከተቀላቀለ በኋላ ይሄ ዴልታ ነው፣ ይሄ ኦሚክሮን ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ላብ ያደረች፦
የምር ነው ወንድሜ። ኮሮና የያዘው ሰው ባያስልም፣ ባያተኩሰውም በሰገራው የቫይረሱን ቁርጥራጭ ሊያወጣ ይችላል። ሽንት ቤት ደግሞ ሰው ሁሉ ይሄዳል፤ ለምርመራ ወረፋ የማይይዘው ሁሉ እዚያ ይመዘገባል ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2020 ኔዘርላንድስ ውስጥ አመርስፎርት የሚባል ከተማ ፍሳሹ ውስጥ የቫይረሱ ምልክት የተገኘው የመጀመሪያው በሽተኛ ሪፖርት ከመደረጉ 6 ቀን ቀድሞ ነው። ፖሊዮ ላይማ የቆየ ሥራ ነው። 2013 እስራኤል ውስጥ አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን ቫይረሱ ፍሳሽ ውስጥ ተገኘ። ለንደንም 2022 ላይ ፍሳሹ ውስጥ ፖሊዮ ስላገኙ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላሉ የከተማዋ ልጆች ተጨማሪ ክትባት ሰጥተዋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሁለት ነገር አትቀላቅል። ፒሲአር የሚባለው የላብ ምርመራ "ቫይረሱ አለ ወይ? ምን ያህል?" ነው የሚመልሰው። ሲኩዌንሲንግ ደግሞ ፊደሉን ያነባል። የኮሮና ዘረመል ወደ 30 ሺህ ፊደል ነው፤ ፍሳሽ ውስጥ ግን ተበጣጥሶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ 400 ፊደል አካባቢ በሆኑ ቁራጮች እያባዙ ያነቡታል። ሽሮ፣ ምስርና ቀይ ወጥ አንድ ድስት ውስጥ ገልብጠህ ብታማስለው የማን ቤት ሽሮ እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ግማሹ ሽሮ መሆኑን ምላስህ ይነግርሃል አይደል? እንደዚያ ነው። ዘረመሉ ላይ እዚህ ቦታ ስንት እጁ ቁራጭ የኦሚክሮንን ፊደል ይዟል፣ ስንቱ የዴልታን፣ ብሎ ኮምፒውተሩ ያሰላል። ፍሬያ የሚባል ፕሮግራም አለ ለዚህ። ሳን ዲዬጎ ላይ በዚህ መንገድ አንዳንድ ዝርያዎችን ከክሊኒክ ናሙና እስከ 14 ቀን ቀድመው አይተዋል።

ችግሩ ድስቱ ውስጥ ያለውን የምታውቀው ቀድመህ የቀመስከውን ብቻ ነው። ፍጹም አዲስ ዝርያ ከመጣ ሁለት ለውጦች ከአንድ ቫይረስ ይምጡ ከሁለት ሰው፣ ከተበጣጠሰ ቁራጭ መለየት ይከብዳል። ለዚያ የሰው ናሙና የግድ ያስፈልጋል።

"ሊመዘግቡ ነው" ላለው ሰው ደግሞ ንገርልኝ፣ የማንም ስም ጠርሙስ ውስጥ አይገኝም።

በነገራችን ላይ ዝናብ ፍሳሹን ሲያቀጥነው ለማስተካከል ከሚለኩት አንዱ የቃሪያ ቫይረስ ነው፤ ቃሪያና በርበሬን የሚያጠቃ፣ በልተነው ሆዳችንን አልፎ የሚወጣ። እኛ አገር መቼም በርበሬ አይጠፋም 😄

የመጣጩ ሹፌር፦
እኔ የተማርኩ አይደለሁም ግን ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና ላይ 9 ዓመት ሠርቻለሁና አንድ ነገር ልበል። እህቴ ያለችው የፍሳሽ መስመር ላለው ከተማ ነው። እዚህ አብዛኛው ቤት ጉድጓድ ነው፣ ትንሽ የተሻለው ሴፕቲክ ታንክ። አንዳንዱን ጉድጓድ ከ4 ከ5 ዓመት በኋላ ነው የምንመጠው። እሱን ቀድተህ "በዚህ ሳምንት ምን በሽታ አለ" ብትል ከታች ያለው የጥንት ነው። ቦዩ ደግሞ የዝናብ ነው መባል ያለበት፤ ግን ክረምት ሲሆን ማታ ማታ ጉድጓዱን ወደ ቦይ የሚለቅ አለ፣ ስም አልጠራም። ስለዚህ የታቦር ልጅ፣ ያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳይሆን የለቀቁት ሁለት ሦስት ቤቶች ሊሆን ይችላል።

ላብ ያደረች፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ እኔ የዘለልኩት ይሄን ነው። ዋናው ነገር ማሽኑ ሳይሆን የት እንደተቀዳ ነው። ቢሆንም መስመር የሌላቸው ከተሞችም አይሠሩም ማለት አይደለም። ናይጄሪያና ፓኪስታን ለፖሊዮ ከክፍት ቦይ ይቀዳሉ፤ ብዙ ሰው የሚፈስበትን ቦታ በጥንቃቄ መርጠው፣ ሁልጊዜ እዚያው፣ ጠዋት ሰው ሽንት ቤት በሚበዛበት ሰዓት። ሌላ ርካሽ ዘዴም አለ፤ እንግሊዞች በ1940ዎቹ ለፓራታይፎይድ (የታይፎይድ ዘመድ ለሆነ በሽታ) የተጠቀሙበት፣ ጨርቅ በገመድ አስረህ ቦይ ውስጥ አቆይተህ መጭመቅ። ሐዋሳ ላይ እኔ ብሆን የዩኒቨርሲቲ ዶርምና የኢንዱስትሪ ፓርክን ነው የምመርጠው፤ ብዙ ሰው በየቀኑ ትኩስ ፍሳሽ የሚለቅበት ቦታ ነው። ሆስፒታል ግን አልመርጥም። እዚያ የምታገኘው መታመማቸው የታወቀውን ሰዎች ነው።

አሞራ ገደል፦
ሁላችሁም ቫይረስ ላይ ዘላችሁ። በረዶ ሳጥን ስላዩ ብቻ? ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባው ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ተማሪዎች ሁሌ ውሃ ሲቀዱ አያለሁ። ለናይትሬትም፣ ለባክቴሪያም በረዶ ያስፈልጋል።

የታቦር ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ዛሬ ልጆቹ ተመልሰው መጡ፣ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት። አንደኛውን "ቫይረስ ነው ወይስ ናይትሬት?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና "ናይትሬት" አለኝ። እትዬ ግን አላመኑም። ጋሼ የመጣጩ ሹፌር፣ የኛ ጉድጓድ ሞልቷል፣ ስንት ነው ሂሳቡ አሁን? በውስጥ ጻፉልኝ።