ከአረብ አገር ተጎድታ የመጣች እህት፦ ትናገር ወይስ ሆድ ይፍጀው?

ጠያቂ፦ ጎረቤታችን ከሪያድ ተመልሳለች። ሌሊት እየጮኸች ትነቃለች። በር ሲንኳኳ ትበረግጋለች። እናቷ «አትጠይቋት፣ ትረሳዋለች» ይላሉ። እህቷ ደግሞ «ካልተናገረች አይወጣላትም» ትላለች። እናንተስ?

ከደሴ፦ እናትየዋ ልክ ናቸው። ቁስል በነካኩት ቁጥር ይመረቅዛል። ጠበል ትጠመቅ፣ ዘመድ ይክበባት።

ከስደት ተመላሽ፦ ወንድሜ፣ ሳዑዲ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ አንዷ እኔ ነበርኩ። ቤት ስገባ የተጠየቅኩት «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ተብዬ ነው። ለጉዞዬ የተበደሩት ገንዘብ አልተከፈለማ! በር ተቆልፎብኝ እንደኖርኩ፣ ደመወዜን እንደከለከሉኝ ለማን ልንገር? ሰው ስሸሽ «ኮራች» አሉኝ። ልቤ ሲመታ «ቡዳ ነው» አሉ። ሕመም መሆኑን የነገረችኝ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ያን ቀን እብድ እንዳልሆንኩ ገባኝ። ዝም በሉ አትበሉን።

ከአዲስ አበባ፦ እንግዲያው ዛሬውኑ ቁጭ አድርገው ያናግሯት!

ነርስ፦ እሱን እቃወማለሁ። አስገድዶ ማናገርም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ክፉ ነገር የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ ማስተረክን አይመክርም። መጀመሪያ ደኅንነት ይሰማት፣ ትብላ፣ ትተኛ። መናገር ስትፈልግ የሚሰማት ሰው አጠገቧ ይኑር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ አብዛኛው እየቆየ ይረጋጋል። የደረሰባት ነገር ከወር በኋላም በሕልሟም በውኗም ከተመላለሰባት፣ የሚያስታውሳትን ሁሉ ከሸሸች፣ ሁሌ የምትበረግግ ከሆነ ግን ሐኪም ይያት። ሕክምና አለው። ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ትዝታውን ቀስ በቀስ፣ በራሷ አቅም ትጋፈጠዋለች። «ብሞት ይሻላል» ካለች ግን ወር አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዷት፣ ብቻዋንም አትተዋት።

ከደሴ፦ ሐኪሙን አልጠላሁም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወረዳችን ላይ የታለ? ጠበሉ ግን ቅርብ ነው።

ነርስ፦ እጥረቱ እውነት ነው፤ ያናድደኛልም። ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ ወደ ሆስፒታል ይልኳታል። ጠበሉንም ትጠመቅ። መድኃኒት ከታዘዘላት ግን ለጠበል ብላ እንዳታቋርጥ።

ከስደት ተመላሽ፦ ለእናቷ አንድ ነገር ንገሩልኝ፦ የዕዳውን ወሬ አሁን አያንሱባት።